እናትና አባትን የዙም ትምህርት ማስጀመር፦ ከስልኩ ዝግጅት እስከ መጀመሪያው ክፍል

ሊንኩን በቴሌግራም እንልካለን። ትምህርቱ ሊጀመር አምስት ደቂቃ ሲቀረው እንደውላለን። «እማዬ፣ ሰማያዊዋን ጽሑፍ ንኪያት» እንላለን። ስልኩን ከጆሯቸው አውርደው ሰማያዊዋን ሲፈልጉ ድምፃችን አይሰማቸውም። ሲያገኟት ደግሞ ዙም ይከፈታል፤ የእኛ ጥሪ ግን ማይኩን ይዞባቸው ይቀራል። ከአሥር ደቂቃ ትግል በኋላ የምንሰማው «ተይው ልጄ፣ ይኼ ለእኔ አይሆንም» የሚለውን ነው።

ይህንን ስሕተት ሦስት ጊዜ ሠርቼዋለሁ፤ ሁለቴ በእናቴ፣ አንዴ በአጎቴ ላይ። ከዚህ በታች ያለው በአራተኛው የተሳካልኝ መንገድ ነው። አብረዋችሁ ለሚኖሩ ወላጆችም ይሠራል፤ እነሱ አዲስ አበባ፣ እናንተ ሜሪላንድ ብትሆኑም ይሠራል። ሩቅ ከሆናችሁ ግን ደረጃ 3ን በአካል ተገኝቶ የሚሠራ አንድ የቤት ሰው ያስፈልጋችኋል። የእህት ልጅም፣ የጎረቤት ተማሪም ይሆናል። ያ ሰው ሳይገኝ አትጀምሩ።

ከመጀመሪያው ክፍል ቢያንስ 10 ቀን ቀድማችሁ ተነሱ። አንድ ነገር ደግሞ ከአሁኑ ያዙ፦ ከደረጃ 3 ውጪ ስልኩን ከእጃቸው አትቀበሉ። «አምጪው እኔ ልሥራልሽ» ያላችሁ ቀን ልምምዱ ከዜሮ ይጀምራል።

ደረጃ 1፦ ትምህርቱን ምረጡ

1. መጀመሪያ እሳቸውን ጠይቁ። እናንተ «እንግሊዝኛ ይማሩ» ስትሉ እሳቸው የሚፈልጉት ጉልበታቸውን የሚያፍታታ ስፖርት ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው ክፍል እሳቸው የመረጡት ይሁን፤ እንግሊዝኛው በሁለተኛው ወር ይደርሳል።

2. ቋንቋውን አረጋግጡ። እንግሊዝኛ የማይገባቸው ከሆነ በአማርኛ የሚሰጥ ክፍል፣ ወይም አይቶ መከተል የሚበቃበትን ፈልጉ። ወንበር ላይ የሚሠራ ስፖርትና ሥዕል ጥሩ ናቸው። ውይይት የሚበዛበት ክፍል ውስጥ ዝም ብለው የተቀመጡ ሰው ሦስተኛ ሳምንት ላይ አይመለሱም።

3. አሜሪካ ላሉና እንግሊዝኛ ለሚችሉ ከእነዚህ ጀምሩ። ሲኒየር ፕላኔት ዕድሜያቸው 60 እና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች በዙም ነፃ ትምህርት ይሰጣል፤ ስለ ስልክና ኮምፒውተር አጠቃቀምም፣ ስለ ስፖርትም። ዌል ኮኔክትድ የሚባለው ፕሮግራም ደግሞ በተራ የስልክ ጥሪ ብቻ የሚገባባቸው ክፍሎች አሉት። ስማርት ስልክ አልነካም ላሉ አባት እሱ ይሻላል። የኦሸር የዕድሜ ልክ ትምህርት ተቋማት 50 ዓመት ለሞላቸው ናቸው፤ በዋሽንግተን አካባቢ በአሜሪካን ዩኒቨርሲቲና በጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ይገኛሉ። ክፍያ አላቸው፤ ሁሉም ክፍል ደግሞ በኢንተርኔት አይሰጥም። የሰፈራችሁን የሕዝብ ቤተ መጻሕፍትም ጠይቁ።

4. ለአሜሪካ ዜግነት ፈተና የሚዘጋጁ ከሆነ የትኛው ፈተና እንደሚመለከታቸው ሳታውቁ አትመዝግቡ። ባመለከቱበት ቀን 65 ዓመት የሞላቸውና 20 ዓመት በግሪን ካርድ የኖሩ ሰዎች የሚያጠኑት 20 ጥያቄ ብቻ ነው። ከዚያ ውስጥ 10 ይጠየቃሉ፣ 6 ከመለሱ ያልፋሉ፤ በአማርኛ፣ በአስተርጓሚ መፈተንም ይችላሉ። 50 ዓመት ሆኗቸው 20 ዓመት፣ ወይም 55 ሆኗቸው 15 ዓመት በግሪን ካርድ የኖሩት ከእንግሊዝኛው ፈተና ነፃ ናቸው፤ የታሪክና የመንግሥት ጥያቄውን ግን ሙሉውን ያጠናሉ። ከኦክቶበር 20 ቀን 2025 ወዲህ ላመለከተ ሰው ሙሉው 128 ጥያቄ ነው፤ እስከ 20 ይጠየቃል፣ ለማለፍ 12 መመለስ አለበት። 20 ጥያቄ የሚበቃቸውን እናት 128 በሚያስጠና ክፍል ያስገባ ልጅ አውቃለሁ። እናቱ በሁለተኛው ሳምንት ተዉት፤ አልፈርድባቸውም።

5. ከመመዝገባችሁ በፊት አስተማሪውን ወይም አስተባባሪውን ሦስት ነገር ጠይቁ፦ በየሳምንቱ ሊንኩ አንድ ነው ወይስ ይቀየራል? በስልክ ቁጥር ደውሎ መግባት ይቻላል? ተማሪው ስንት ነው? የሚቀየር ሊንክ ለጀማሪ ከባድ ነው፤ ምርጫ ካላችሁ አንድ ሊንክ ያለውን ውሰዱ። ሌላም አለ። በነፃ የዙም አካውንት የሚመራ ክፍል በ40 ደቂቃ ይቋረጣል። ይህንን ለወላጅ አስቀድማችሁ ካልነገራችሁ «አበላሸሁት» ብለው ይደነግጣሉ።

ደረጃ 2፦ ሰዓቱን በእሳቸው አቆጣጠር ጻፉ

ከስልኩ የበለጠ ክፍል የሚያስቀረው ሰዓቱ ነው። ወረቀቱ «10:00» ይላል፤ እናት የሚያነቡት «አሥር ሰዓት» ብለው ነው። ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ላይ ለብሰውና ተዘጋጅተው ሲቀመጡ ክፍሉ ካለቀ አምስት ሰዓት ሆኖታል።

1. ሰዓቱን በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ በቃል ጻፉ፦ «ማክሰኞ፣ ጠዋት አራት ሰዓት»። የፈረንጁን ከጎኑ አትጨምሩ፤ ሁለት ቁጥር ካዩ የትኛው እንደሆነ መጠየቃቸው አይቀርም።

2. ክፍሉ አሜሪካ፣ ወላጅ ኢትዮጵያ ከሆኑ ልዩነቱን ቁጠሩ። ከዋሽንግተን ጋር በበጋቸው 7 ሰዓት፣ በክረምታቸው 8 ሰዓት ነው። በዋሽንግተን ጠዋት 11:00 የሚጀምር ክፍል በሐምሌ አዲስ አበባ ማታ 12 ሰዓት ላይ ነው፤ በጥር ግን ማታ 1 ሰዓት ይሆናል።

3. አሜሪካ ሰዓቷን የምትቀይረው በማርች ሁለተኛ እሑድና በኖቬምበር የመጀመሪያ እሑድ ነው። በእነዚያ ሳምንታት ቀድማችሁ ደውሉና አዲሱን ሰዓት በራሳቸው እጅ ያስጽፉ።

4. ሰዓቱ ከቅዳሴ፣ ከሶላት ወይም ከለቅሶ ቤት ጋር እንዳይጋጭ ተመልከቱ። በዐቢይ ጾም በሥራ ቀናት ቅዳሴው ከሰዓት በኋላ ስለሚሆን በጥቅምት የተስማማ ሰዓት በመጋቢት ላይስማማ ይችላል። ለቅሶ ከመጣ ለቅሶው ይቀድማል፤ በዚህ አትከራከሩ።

ደረጃ 3፦ ስልኩን አዘጋጁ

ይህንን ክፍሉ ባለበት ቀን አትሥሩ። አንድ ሰዓት የሚሆን ጊዜ ይዛችሁ ተቀመጡ።

1. ቦታ አስለቅቁ። የብዙ ወላጅ ስልክ ከዘመድ በተላኩ ቪዲዮዎች ተሞልቶ አዲስ አፕ አይቀበልም። ቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ የተጠራቀመውን አጽዱ። የልጅ ልጅ ፎቶ እንዳይጠፋ ግን መጀመሪያ አስቀምጡ። እኔ ሳላስቀምጥ አጽድቼ አንድ የክርስትና ቪዲዮ ጠፍቷል፤ እስካሁን ይነሣብኛል።

2. ዙምን ጫኑ። ስሙ አሁን «ዙም ወርክፕሌስ» ተብሎ ሊመጣ ይችላል፤ ያው ነው። ከፕሌይ ስቶር ወይም ከአፕ ስቶር ብቻ አውርዱ። ስልኩ ፓስወርድ ጠይቆ ማንም ካላስታወሰው እዚሁ ፍቱት፤ ለክፍሉ ቀን አታሳድሩት።

3. ማይክና ካሜራ ሲጠይቅ ፍቀዱ። አንዴ «አይሆንም» ከተባለ ዙም ድጋሚ ላይጠይቅ ይችላል። ያን ጊዜ በስልኩ ሴቲንግ፣ አፕስ፣ ዙም፣ ፐርሚሽን ብላችሁ ገብታችሁ ትከፍቱታላችሁ።

4. ስማቸውን በላቲን ፊደል አስገቡ። በአማርኛ የተጻፈውን ብዙ አስተማሪ አያነበውም። ስም ካልገባ ደግሞ የስልኩ ሞዴል ይታያል፤ አስተማሪው ማንነቱን ያላወቀውን ሰው ከመጠበቂያ ክፍል አያስገባም። እናቴ በልጄ ታብሌት፣ በልጄ የጌም ስም ገብታ 25 ደቂቃ በር ላይ ቆማለች።

5. የስልኩን ፊደል አሳድጉ፤ በሴቲንግ ውስጥ ዲስፕሌይ የሚለው ጋ ታገኙታላችሁ። ጽሑፉ ከስክሪኑ ወጥቶ እስኪቆረጥ ድረስ ግን አታሳድጉት።

6. ኤርፎን ግዙ፣ ባለ ገመዱን። ብሉቱዙ ቻርጅ ይጨርሳል፣ ይጠፋል፣ ሳይታሰብም ከሌላ ስልክ ጋር ይገናኛል። የጆሮ መርጃ ለሚጠቀሙ ግን መርጃው በብሉቱዝ ከስልኩ ጋር የሚገናኝ እንደሆነ አረጋግጡ።

7. ማስቀመጫ አዘጋጁ። ስልኩን በእጅ ይዞ አንድ ሰዓት መቆየት አይቻልም፤ ክፍሉም የሚያየው ጣራውን ይሆናል። የስልክ ማቆሚያ ከሌለ ሁለት መጽሐፍ ደራርባችሁ በስኳር ዕቃ አስደግፉት። መስኮቱ ከፊታቸው ይሁን፤ ከጀርባቸው ከሆነ ፊታቸው ጥቁር ሆኖ ይታያል። ቻርጀሩ የሚደርስበት ቦታ ምረጡ።

ደረጃ 4፦ መግቢያውን አንድ አድርጉ

ሊንክ በኢሜይል፣ በቴሌግራም፣ በቫይበርም ከደረሳቸው ሦስት መግቢያ አላቸው ማለት ነው፤ የክፍሉ ቀን የትኛውም አይገኝም። አንዱን ምረጡ። እኔ የምመርጠው ይህን ነው፦ እናትና ልጅ ብቻ ያሉበት የቴሌግራም ግሩፕ ክፈቱ፣ ስሙን «ትምህርት» በሉት፣ ሊንኩን ለጥፋችሁ ከላይ ፒን አድርጉት። በዚያ ግሩፕ ሌላ ምንም አይላክ። የበዓል ካርድም፣ «ደህና አደርሽ»ም አይግባበት።

ስማርት ስልክ የማይሆንላቸው ከሆነ፣ ክፍሉም የሚፈቅድ ከሆነ በተራ ስልክ ይግቡ። ቁጥሩን ይደውላሉ፣ የስብሰባውን ቁጥር አስገብተው መሰላሏን (#) ይጫናሉ፣ ሁለተኛው ጥያቄ ሲመጣ መሰላሏን ብቻ ይጫናሉ፣ የይለፍ ቁጥር ከተጠየቁ እሱን አስገብተው መሰላሏን ይደግማሉ። ማይክ ለመክፈትና ለመዝጋት ኮከብና 6፣ እጅ ለማውጣት ኮከብና 9 ነው። ከኢትዮጵያ ወደ አሜሪካ ቁጥር መደወል የውጭ አገር ጥሪ ስለሚያስከፍል ይህ መንገድ አሜሪካ ላሉት ነው።

ደረጃ 5፦ ሦስት ልምምድ፣ በሦስት ቀን

በራሳችሁ ዙም ስብሰባ ክፈቱ። በአንድ ቀን ሦስቴ መደጋገም አይጠቅምም፤ ሌሊቱ ይለፍበት።

የመጀመሪያው ቀን፦ መግባትና መውጣት ብቻ። ግሩፑን ይክፈቱ፣ ሊንኩን ይንኩ፣ ይግቡ፣ ይውጡ። አምስት ጊዜ። ስትገቡ የድምፅ ጥያቄ ይመጣል፤ «ዋይፋይ ወይም ሴሉላር ዳታ» የሚለውን መንካት ያስፈልጋል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ሳይነኩት ካለፉት ሁሉን እያዩ ምንም አይሰሙም።

ሁለተኛው ቀን፦ ማይክ። ከታች ያሉት ምልክቶች ከጥቂት ሴኮንድ በኋላ ይጠፋሉ። «ማይኩ የት ሄደ?» ሲሉ «ስክሪኑን መሐሉን አንዴ ንኪው» በሉ። «ስክሪኑን አንዴ መንካት፣ ከዚያ ማይክ» የሚለውን ሃያ ጊዜ ያህል ያስለምዱ። በመስመር የተቆረጠ ማይክ ማለት ዝግ ነው። እናቴ «የተሰረዘው አይሰማም» ብላ ይዛዋለች፤ ከእኔ ማብራሪያ ይሻላል።

ሦስተኛው ቀን፦ እናንተ ሌላ ክፍል ሁኑ፣ ወይም ከሌላ ቤት ግቡ። አትደውሉ። ብቻቸውን እስኪገቡ 15 ደቂቃ ጠብቁ። ካልገቡ የመጀመሪያውን ቀን ድገሙና የክፍሉን መጀመሪያ በአንድ ሳምንት ግፉት።

በልምምድ ጊዜ ስሙን ሳይሆን ቦታውን ንገሩ። «አንሚዩት አድርጊ» አይባልም። «ከታች፣ በግራ ጥግ ያለችው» በሉ። አባታችሁን አንቱ የምትሉ ከሆነ እዚህም አንቱታው ይቀጥል፤ ስንቸኩል ድምፃችን ሕፃን የምናዝዝ ይመስላል፣ እነሱም ይሰማቸዋል።

ደረጃ 6፦ ወረቀቱ

በአንድ ገጽ፣ በእጃቸው ጽሑፍ፣ ከአምስት መስመር ያልበለጠ። እናንተ አትጻፉላቸው። ምሳሌ፦

1. ቻርጀር ሰኪ።
2. ቴሌግራም፣ «ትምህርት»።
3. ሰማያዊዋን ንኪ።
4. ዋይፋይ የሚለውን ንኪ።
5. ካልሆነ ወጥተሽ እንደገና ግቢ።

አምስተኛው መስመር ከሁሉ ይበልጣል። ከሚገጥማቸው ችግር አብዛኛው በመውጣትና በመግባት ይፈታል።

ደረጃ 7፦ የመጀመሪያው ክፍል

1. ለዘመድ አዝማድ ሰዓቱን ንገሩ። በክፍሉ መሐል ስልክ ከተደወለ የዙሙ ድምፅ ይቋረጣል። ስልኩን ዱ ኖት ዲስተርብ ላይ ማድረግም ይቻላል፤ በኋላ ማጥፋቱ ከተረሳ ግን ቀኑን ሙሉ ሰው ያጣቸዋል።

2. 15 ደቂቃ ቀድመው ይግቡ። መጠበቂያ ክፍል ካለ «አስተማሪው እስኪከፍት ነው፣ አትውጪ» በሉ።

3. ቤት ውስጥ ሁለተኛ ስልክ በዚያው ክፍል አይግባ። እናንተም በስልካችሁ ገብታችሁ አጠገባቸው ከተቀመጣችሁ ድምፁ እያስተጋባ ሁሉንም ይረብሻል።

4. ስፖርት ከሆነ ጎማ የሌለው ወንበር ግድግዳ አስጠግታችሁ አስቀምጡ። ምንጣፉን ጠቅልሉ፣ ነጠላው ይውረድ፣ የሚያንሸራትት ካልሲ ይውለቅ። ማዞር ወይም የደረት ሕመም ከመጣ ወዲያው ይቁም። የልብ ወይም የመገጣጠሚያ ሕመም ካለባቸው ሐኪማቸውን ሳያማክሩ አይጀምሩ።

5. እናንተ ቡና አፍሉ። አጠገባቸው ቆማችሁ ስክሪኑን አትጠቁሙ።

ሲበላሽ፦ እነሱ የሚሉትና እናንተ የምትመልሱት

«አያቸዋለሁ፣ ግን አልሰማም»
መጀመሪያ የስልኩን ድምፅ በጎን ባለው ቁልፍ ይጨምሩ፤ ዙሙ ውስጥ ሆነው መሆን አለበት፣ ከዙሙ ውጪ የጨመሩት የሌላ ድምፅ ሊሆን ይችላል። ካልሆነ «ዋይፋይ» የሚለውን አልነኩም ማለት ነው፤ ወጥተው ይግቡ። አሁንም ዝም ካለ ብሉቱዙን አጥፉ። ድምፁ መኝታ ቤት ወዳለ ኤርፎን ወይም ወደ መኪናው ሄዶ ይሆናል።

«እነሱ አይሰሙኝም»
ማይኩ ተሰርዟል? ስክሪኑን አንዴ፣ ከዚያ ማይኩን። ካልተሰረዘ ስልክ እያወሩ እንደሆነ ጠይቁ፤ የእናንተው ጥሪ ማይኩን ይዞት ይሆናል። ስለዚህ ለመርዳት ስትደውሉ በዚያው ስልክ አትደውሉ፤ የቤት ስልክ ወይም የሌላ ሰው ስልክ ተጠቀሙ።

«ትልቅ ክብ ነገር መጣ፣ ሰዎቹ ጠፉ»
በአንዳንድ ስልክ ስክሪኑን በጣት ሲገፉት መኪና ለሚነዱ ሰዎች የተሠራው ገጽ ይመጣል። ካሜራውም ማይኩም ይዘጋል፣ መሐል ላይ «ለመናገር ንኩ» የሚል ትልቅ ክብ ይቀመጣል። ወደ ሌላው አቅጣጫ አንዴ መግፋት ይመልሰዋል። ይህ ከተደጋገመ በዙም ሴቲንግ ውስጥ ፈልጋችሁ አጥፉት።

«ይቆራረጣል»
ካሜራቸውን ይዝጉ። ካልተሻለው ወደ ዋይፋዩ ሳጥን ይጠጉ። ኢትዮጵያ በሞባይል ዳታ ከሆነ አንድ ሰዓት ቪዲዮ አንድ ጊጋባይት ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ሊበላ ይችላል፤ ፓኬጁን በዚያ ልክ ሙሉ። መብራት ሲጠፋ ዋይፋዩም ይጠፋልና ዳታውን ለመጠባበቂያ ያዙ።

«ተበላሸብኝ»
ምንም አልተበላሸም። በሊንኩ ገብቶ በመውጣት የሚበላሽ ነገር የለም። ይህንን ከልምምዱ ቀን ጀምራችሁ ንገሩ፣ ራሳችሁም ሳትቆጡ አሳዩ።

ደረጃ 8፦ ሌባው እንዳይገባ

ክፍል መግባት የለመደ ሰው ሊንክ መንካትም ይለምዳል፤ አደጋውም ከዚያ ይመጣል። ሦስት ክልከላ አስተምሩ።

ከ«ትምህርት» ግሩፕ ውጪ የመጣ ሊንክ አይነካም፣ የላከው የአክስት ልጅ ቢሆንም። የአክስት ልጅ ቴሌግራም ተጠልፎ ሊሆን ይችላል።

በስልክ የሚመጣ የቁጥር ኮድ ለማንም አይነገርም። የቴሌግራሙ ባለ አምስት፣ የዋትሳፑ ባለ ስድስት አሃዝ ነው። «ለትምህርቱ ምዝገባ ነው፣ የመጣልዎትን ቁጥር ይንገሩኝ» የሚል ሰው አካውንቱን እየወሰደ ነው።

«ስልክዎን ከሩቅ ላስተካክልልዎት» ብሎ እንደ ኤኒዴስክ ያለ አፕ የሚያስጭን ሰው በባንክ አፑ ውስጥ ይገባል። ስልኩን የሚያስተካክል በስም የሚታወቅ አንድ የቤት ሰው ብቻ ይሁን።

ኮዱን ከሰጡ በኋላ ከሆነ የደረሳችሁት፣ ሳትገሥጹ ወዲያው ከራሳቸው ስልክ ቴሌግራም ሴቲንግ፣ ዲቫይስስ ውስጥ ገብታችሁ የማታውቁትን መሣሪያ አስወጡ፤ ባለ ሁለት ደረጃ ፓስወርዱን አብሩ። ከዚያ ለዘመድ ሁሉ «ገንዘብ ላኩ ቢላችሁ እሳቸው አይደሉም» ብላችሁ ንገሩ። ከገሠጻችኋቸው በሚቀጥለው ጊዜ ይደብቋችኋል።

ደረጃ 9፦ ከአንድ ወር በኋላ

በአምስተኛው ሳምንት መደወል አቁሙ። ያመለጣቸው ክፍል ካለ ምክንያቱን ጠይቁ፤ መልሱ «ሰለቸኝ» ከሆነ ትምህርቱን ቀይሩ እንጂ አትገፋፉ። «ረሳሁት» ከሆነ የስልኩን ማንቂያ 20 ደቂቃ ቀድሞ እንዲጮህ ሙሉት።

ዙም ራሱን ሲያድስ ምልክቶቹ ቦታ ይቀያየራሉ። አንድ ቀን «ማይኩ ከግራ ጠፋ» ብለው ሲደውሉ ትክክል ሊሆኑ ስለሚችሉ መጀመሪያ የራሳችሁን ስልክ ከፍታችሁ እዩ። ከዚያ አዲስ ወረቀት በእጃቸው ያስጽፉ፣ ቀኑን ከላይ ያድርጉበት፣ አሮጌውን ከግድግዳው አንሡት።